ልትጠይቁን ነው ወይስ ልትነግሩን? ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ትምህርት



ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ሳንቃበርን አልፎ፣ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ ይወርዳል። ይህ መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ የሚያልፍ ነው። ከሩቅ አገር ለሚመጣው ጎብኚ መንገዱ ዋልያና ጭላዳ የሚታይበት ነው። ለመካነ ብርሃን ሰው ግን ወደ ገበያና ወደ ዞኑ መሥሪያ ቤቶች የሚወስደው መንገድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ደግሞ የመኪናው ምልልስ ለዱር እንስሳቱ ስጋት ስለ ሆነ ዋናው መንገድ ከፓርኩ ውጪ እንዲያልፍ ለዓመታት ሲጠይቅ ቆይቷል። እንግዲህ አንዱ መንገድ ስንት ባለጉዳይ እንዳለው ልብ በሉ። እንዲህ ባለው ጉዳይ ላይ የሚወስነው ማን ነው? በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብስ የሚጠየቀው መቼ ነው? ከመወሰኑ በፊት ነው ወይስ ከተወሰነ በኋላ?

አንዳንድ ወገኖች «መጋቢ ስለ ወንጌል እንጂ ስለ ቀበሌና ስለ ወረዳ ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ ለየትኛውም ፓርቲ ድጋፍም ሆነ ተቃውሞ አይደለም። ነገር ግን ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች ሲጽፍላቸው፣ የሚኖሩባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉና ስለ እርስዋም እንዲጸልዩ አዝዟቸዋል (ኤር. 29፥7)። ከተማይቱ የራሳቸው አልነበረችም፤ የሚያስተዳድሯትም እግዚአብሔርን የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ያም ሆኖ ጉዳይዋ ጉዳያቸው ነበር። የደባርቅ፣ የዳባት፣ የመካነ ብርሃን፣ የጎንደር ጉዳይ ደግሞ ለእኛ ከዚያ ይልቅ የቀረበ ነው። አገራችን ነውና።

የግጭ መንደር ታሪክ

ነገሩን በአንድ መንደር ታሪክ እንመልከተው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ታወጀ፤ በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ፓርኩ ሲመሠረት ግን በውስጡ ሰዎች ነበሩ። ያርሱ ነበር፣ ከብት ያግዱ ነበር፣ ሙታናቸውን ይቀብሩ ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ነገሮች አብረው ኖሩ። በወረቀት ላይ ሰው የሌለበት ፓርክ ነበር፤ በመሬት ላይ ደግሞ ሰው የሚኖርበት ተራራ ነበር።

በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 እና 1979፣ በተራራው ሰሜናዊ ተዳፋት ከነበሩ መንደሮች 1 ሺህ 8 መቶ የሚሆኑ ሰዎች በኃይል እንዲለቁ ተደረገ። ማንም አልጠየቃቸውም። ይህ ድርጊት በሕዝቡ ልብ ውስጥ ቂም ትቶ አለፈ። ደርግ ሲወድቅም ከተባረሩት ውስጥ ብዙዎች ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። ሰው ያላመነበት ውሳኔ የሚጸናው ወሳኙ ጉልበት እስካለው ድረስ ብቻ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዓለም አቀፉ ድርጅት ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ምክንያቶቹ የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ የመንገድ ሥራ ነበሩ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተሰጡት ሥራዎች ሁለቱ የፓርኩን ድንበር እንደገና ማካለልና በውስጡ የሚኖረውን ሕዝብ ቁጥር መቀነስ ናቸው። ድንበሩ ሲከለል በዳር የነበሩ በርካታ መንደሮች ከፓርኩ ውጪ እንዲሆኑ ተደረገ፤ በምትኩ እንደ ሊማሊሞ ያሉ አካባቢዎች ተጨመሩ። 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 በሕግ ጸደቀ። በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ በጎ ትምህርት አለ። ሰውን ከመስመሩ ከማውጣት ይልቅ መስመሩን ከሰው ማራቅ የሚቻልበት ጊዜ መኖሩን ያሳያል።

የግጭ መንደር ግን በፓርኩ እምብርት ላይ ስለ ነበረች ይህ አማራጭ አልደረሰላትም። ግጭ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 5 መቶ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የነበረች፣ ገብስ የሚበቅልባት፣ በግና ከብት የሚረባባት መንደር ናት። ከረጅም ዓመታት ውይይትና ድርድር በኋላ 418 አባወራዎች ካሳ እየተከፈላቸው ለቀቁ። ብዙዎቹም በደባርቅ ከተማ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ሰፈሩ። ሥራው ሰኔ 2008 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። አገሪቱ ተደሰተች፤ ደስታውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

በመንግሥትና በዓለም አቀፉ ድርጅት ሰነዶች ላይ ዝውውሩ «በፈቃደኝነት የተደረገ» ተብሎ ተጽፏል። ጉዳዩን ያጠኑ ሌሎች ሰዎች ደግሞ፣ ከእነርሱም መካከል ስለዚሁ ፓርክ መጽሐፍ የጻፈው ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን፣ ይህን ቃል አይቀበሉትም። በደባርቅ የሰፈሩትን ሰዎች ኑሮ የተመለከቱ ተመራማሪዎችም ገበሬው መሬቱን በገንዘብ ሲለውጥ ምን እንደሚገጥመው ጽፈዋል። ገብስ ማምረትና በግ ማርባት የሚያውቅ ሰው ከተማ ገብቶ በነጋዴነት ወይም በቀን ሠራተኛነት ሕይወትን «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ካሳው ቤት ይሠራበታል፣ የቀረው ይበላል፤ ሲያልቅ ግን የሚመለስበት ማሳ የለም።

ሚዛናዊ እንሁን። በተራራው ላይ የነበረው ጉዳት እውነተኛ ነበር። ዳገት እየታረሰ አፈሩ ይታጠብ ነበር፤ ግጦሹም ከልክ አልፎ ነበር። በዚያ ብርድና ተዳፋት ላይ የመንደሩ ኑሮ ራሱ ከባድ ነበር፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ለማግኘት ወደ ከተማ መቅረብን የወደዱም ነበሩ። የካሳው መጠን በቂ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውም ብዙ ሊያከራክር ይችላል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሕዝቡ በእነዚያ ሁሉ ስብሰባዎች የተጠየቀው ምን ነበር? «ይህን ተራራ እንዴት አብረን እናድነው?» ነበርን? ወይስ «መውጣታችሁ ካልቀረ እንዴት ትወጣላችሁ?» ነበር? ሰው ከሌለበት ፓርክ የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ የሰፈረው የመንደሩ ሰዎች ለድርድር ከመቀመጣቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ንጉሥ አክዓብ እንኳን ለናቡቴ ከወይኑ ቦታ የተሻለ ሌላ ቦታ ወይም ዋጋውን በብር እንደሚሰጠው ተናግሮ ነበር (1ኛ ነገ. 21፥2)። ዛሬ ያለውን ባለ ሥልጣን አክዓብ ነው አላልሁም፤ ስለ ግጭ የደከሙ ቅን ሰዎች እንደ ነበሩ አምናለሁ። ነገር ግን ጥሩ ዋጋ ማቅረብና ሰውየው «እምቢ» ለማለት መቻሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን መመካከርን ባለ ሥልጣን ሲፈቅድ የሚሰጠን ችሮታ አድርገን እናያለን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያልን ያደግን ሰዎች ነንና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ጉዳዩን መብት ብሎ ነው የሚጠራው። በአንቀጽ 43 ዜጎች በተለይ የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው ሊጠየቅ እንደሚገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ሰው ካሳ ወይም ሌላ ድጋፍ የማግኘት መብት አለው። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ሥራዎች በቀጥታ የሚነኩት ሕዝብ በዕቅዱም በአፈጻጸሙም ላይ እንዲመክር መብት ይሰጠዋል። በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለታችኞቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ሊሰጣቸው እንደሚገባ ተጽፏል።

ግጭ ከለቀቀች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1161 ወጣ። አዋጁ የሚነሡ ሰዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት ውይይት እንዲደረግላቸው የሚያዝ ድንጋጌ ይዞ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ይጠይቅ የነበረው ከ90 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ነበር። ቅሬታ የሚሰማ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤም በአዲሱ አዋጅ ተደነገጉ። የሕግ ዝርዝር በየጊዜው ይሻሻላል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ግልጽ ነው። በማስጠንቀቂያ ወረቀትና በውይይት መካከል ልዩነት እንዳለ ሕግ አውጪው ራሱ ተረድቶታል።

ታዲያ ክፍተቱ የት ነው? ክፍተቱ ከሕጉ እስከ ቀበሌው አዳራሽ ባለው መንገድ ላይ ነው። እዚህ ላይ እኛም ድርሻ አለን።

ተሳትፎ ማለት ጉልበትና መዋጮ ብቻ ነውን?

በአካባቢያችን «የሕዝብ ተሳትፎ» ሲባል በመጀመሪያ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው ምንድን ነው? በበጋ ወራት ለተፋሰስ ሥራ አካፋና ዶማ ይዞ መውጣት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለመንገድ ገንዘብ ማዋጣት ነው። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የተራቆተ ተራራ በዚህ ለምቷል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በፓርኩ ላይ ከባድ እሳት በተነሣ ጊዜም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለ ሙያዎች ቢመጡም የአካባቢው ሕዝብ ዳገቱን ወጥቶ ከእሳቱ ጋር ታግሏል። እሳት ለማጥፋት የሚጠራ ሕዝብ ግን ዕቅድ ሲወጣም ሊጠራ ይገባዋል። ጉልበቱን የምንፈልገው፣ ሐሳቡን ግን የማንፈልገው ከሆነ ተሳትፎ አልነው እንጂ ሥራው የጉልበት ግብር ነው።

መልካም ጅምሮችም አሉ። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2003 አካባቢ ጀምሮ የገበሬው የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ ሥራውን በየቀበሌው ያከናወነው ሕዝቡ የመረጠው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ነበር። ድንበርተኛ ከድንበርተኛ ጋር በማሳው ላይ ቆሞ ስለ ተማመነ መዝገቡ ተቀባይነት አገኘ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ተረጂዎች በማኅበረሰቡ እንዲለዩና ቅሬታ ያለው የሚያመለክትበት ኮሚቴ እንዲኖር የሚያዝ አሠራር አለው። በ2015 እና 2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ከባድ ድርቅ በደረሰ ጊዜ ይህ ነገር ምን ያህል የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደሆነ ታይቷል። እህል ሲያንስ፣ ስም ዝርዝሩን የሚጽፈው እጅ ከእህሉ እኩል ዋጋ አለው። ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ሲነበብ «እገሌ የተባለችው መበለት ቀርታለች» የሚል አንድ ሰው በስብሰባው ካልተገኘ እርስዋ ትቀራለች።

በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን እንናገር። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት አባላትን ለመምረጥ በአገር አቀፍ ደረጃ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተላለፈ። በ2013 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫም የተወካዮችና የክልል ምክር ቤቶች እንጂ የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ አልነበረም። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጦርነት በ2013 እና 2014 ዓ.ም. መባቻ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ብዙ ቤት አፈረሰ፤ በጭና የተገደሉትን ንጹሓን ሰዎች አንረሳቸውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ሰው ተሰብስቦ በነጻነት እንዳይናገር አድርጎታል። ሰው ሲፈራ ዝም ይላል፤ ዝምታውም በቃለ ጉባኤ ላይ «ተስማምቷል» ተብሎ ይጻፋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያስተምረናል?

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጉዳይ በዝምታ አላለፈውም። ሦስት ታሪኮችን እናንሣ።

የመጀመሪያው የሰለጰዓድ ልጆች ታሪክ ነው (ዘኍ. 27፥1-7)። ምድሪቱ ልትከፋፈል ነው፤ አባታቸው ያለ ወንድ ልጅ ስለ ሞተ አምስቱ እኅትማማቾች ድርሻ ሊያጡ ነው። ስለዚህ በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆችና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቀርበው ጉዳያቸውን ተናገሩ። ሙሴ «ሕጉ ወጥቷል፤ ዘግይታችኋል» አላላቸውም። ጉዳያቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። እግዚአብሔርም ሴቶቹ ትክክል እንደ ተናገሩ አረጋገጠ፤ በጥያቄያቸውም ምክንያት ለእስራኤል ሁሉ የሚሆን ሥርዓት ተሰጠ። የመጡበትን ጊዜ ልብ በሉ፤ ምድሪቱ ከመከፋፈልዋ በፊት ነው። የመጡበትንም ቦታ ልብ በሉ፤ በየድንኳኑ ጓዳ እያጉረመረሙ አልቀሩም፣ በጉባኤው ፊት ቆሙ።

ሁለተኛው የሮብዓም ታሪክ ነው (1ኛ ነገ. 12)። ሕዝቡ ሸክማችንን አቅልልልን ብሎ መጣ። ሮብዓምም የሦስት ቀን ጊዜ ወሰደ፤ ሽማግሌዎችንም አማከረ፣ አብሮ አደጎቹንም አማከረ። ከውጪ ለሚያየው ሂደቱ ሁሉ ተሟልቷል። ነገር ግን ንጉሡ የሚፈልገው በልቡ ያለውን የሚያጸናለት ሰው ነበር። ውጤቱ የመንግሥት መከፈል ሆነ። ያደመጠ መስሎ ያላደመጠ መሪ ጨርሶ ካልጠየቀው የበለጠ ሕዝቡን እንደሚያሳዝን ይህ ታሪክ ያስተምረናል።

ሦስተኛው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ያለው ነው። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን በዕለታዊው ምግብ ዕደላ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተረሱ። ሐዋርያት ጉዳዩን በራሳቸው ወስነው ማወጅ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ደቀ መዛሙርቱን ሁሉ ጠሩ፣ ችግሩን አስረዱ፣ መስፈርቱን ተናገሩ፣ ምርጫውን ለሕዝቡ ተዉ። የተመረጡትን የሰባቱን ሰዎች ስም ስታነብቡ ሁሉም የግሪክ ስሞች መሆናቸውን ታያላችሁ። የተበደለው ወገን የሚያምናቸው ሰዎች በሥራው ላይ ተሾሙ ማለት ነው። ከዚያስ ምን ሆነ? የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ ሄደ ይላል። ፍትሐዊ አሠራር ለወንጌል እንቅፋት አልሆነበትም፤ መንገድ ጠረገለት እንጂ።

እኛስ የት ነበርን?

ወገኖች ሆይ፤ እስከ አሁን ስለ መንግሥት ተናገርን። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የምንገኝ የወንጌል አማኞች በቁጥር ጥቂቶች ነን። ብዙዎቻችን ከስደቱ ዘመን የወረስነው ልማድ «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚል ነው። የቀበሌ ስብሰባ ብዙ ጊዜ እሑድ ወይም በበዓል ቀን ይጠራል፤ እኛ ደግሞ እሑድ በአምልኮ ላይ ነን። ስለዚህ አንገኝም። ከጊዜ በኋላ ግን የመቃብር ቦታ ያስፈልገናል፣ የጸሎት ቤት መሥሪያ ቦታ ያስፈልገናል። ያን ጊዜ ማመልከቻ ይዘን፣ ሽማግሌዎቻችንን አስከትለን የቀበሌውን ደጅ እንጠናለን። ጥያቄያችን ተገቢ ነው፤ ዜጋ ሆኖ መቀበሪያ ማጣት ትልቅ በደል ነው። ነገር ግን የቀበሌው ሊቀ መንበርና ጎረቤቶቻችን የሚያዩን የራሳችን ጉዳይ ሲሆን ብቻ የምንመጣ ሰዎች አድርገው ከሆነ፣ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም።

የግጭ ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ወደ ደባርቅ ሲወርዱ የእኛ ወገን አልነበሩም፤ ስለ እነርሱም በየጸሎት ቤታችን ብዙ አልተናገርንም። ጌታ ግን «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ በምሳሌው መካከል ያቆመው በአይሁድ ዘንድ የተናቀውን ሳምራዊ ነው (ሉቃ. 10)። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልማት ግንኙነት በውጭ ላሉ አጋሮችዋ በጻፈችው ታዋቂ ደብዳቤ፣ ሰውን በነፍስና በሥጋ ከፍሎ ማገልገል እንደማይገባ አስገንዝባ ነበር። በዚያ ዘመን ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ይህን ትምህርት ከአባቶቻችን ተቀብለናል። ሁለንተናዊ አገልግሎት ግን የውኃ ጉድጓድ መቆፈር ብቻ ሳይሆን፣ ጉድጓዱ የት ይቆፈር ሲባል ድሃው እንዲጠየቅ መቆምም ነው።

«አገራችን በሰማይ ነው» (ፊልጵ. 3፥20) የሚል ወንድም ይኖራል። አሜን፣ እውነት ነው። ይህን የጻፈው ጳውሎስ ግን በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ በተገረፈ ጊዜ የሮም ዜግነቱን ጠቅሶ ገዢዎቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠይቋል (ሐዋ. 16፥37)። የሰማይ ዜግነቱ የምድሩን አላስጣለውም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሽማግሌዎቹ ስለ ጸሎት ቤታችን ግንባታ ቀድመን ወስነን ጠቅላላ ጉባኤውን ጠራን። ንድፉ ተሠርቷል፣ መዋጮው ተደልድሏል። ጸሎት ተደርጎ ስብሰባው ሊጀመር ሲል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተነሡና «ፓስተር፣ የጠራችሁን ልትጠይቁን ነው ወይስ ልትነግሩን?» አሉ። ቤቱ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ። ቀበሌውን የምወቅስበትን ነገር እኔ ራሴ በመድረኩ ላይ ሳደርገው ተገኘሁ። በዚያን ቀን ስብሰባውን አስተላለፍን፤ ምእመናኑም በየቤት ኅብረቱ መከሩበት። ድልድሉ ተለወጠ፤ ቀድሞ ያልታሰበላቸው የቀን ሠራተኞችና መበለቶች የሚችሉት ተቀነሰላቸው። ሥራው ዘገየ፤ ማጉረምረሙ ግን ቀረ። የእኚያ እናት ጥያቄ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ከቤታችን እንጀምር። በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ «አሜን» ለማለት ብቻ የሚጠራ ምእመን በቀበሌ አዳራሽ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ አይማርም። ጠቅላላ ጉባኤዎቻችን ሐሳብ የሚሰማባቸው፣ የገንዘብ ሪፖርት በግልጽ የሚቀርብባቸው ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ በቀበሌው ስብሰባ ላይ የሚገኙ ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ሰዎችን ይመድብ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ስብሰባው እሑድ ከሆነ የአምልኮውን ሰዓት ለእነዚህ ሰዎች ማመቻቸት ኃጢአት አይደለም። ሲመለሱም የሰሙትን ለምእመናኑ ይንገሩ፤ ጉባኤውም በስም ጠርቶ ይጸልይበት።

ሦስተኛ፣ በስብሰባው ሦስት ጥያቄዎችን በትሕትና እንጠይቅ። ጉዳዩ ገና ለውይይት ነው ወይስ ተወስኗል? ሌላ አማራጭ ታይቷል ወይ? ቅሬታ ያለው ሰው ወዴትና እስከ መቼ ያመልክት? ቃለ ጉባኤውም ከመፈረሙ በፊት በንባብ ይሰማ። የተገኘ ሰው የፈረመው መገኘቱን ነው ወይስ መስማማቱን? ይህ ተለይቶ ይጻፍ።

አራተኛ፣ ብቻችንን አንሂድ። በእድሩ፣ በትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ፣ በውኃ ኮሚቴው ከኦርቶዶክስና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን እንሥራ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና። መቃብር ከጠየቅንበት ቀን በፊት ለጎረቤታችን መበለት ስም የተከራከርን ሰዎች ሆነን እንታወቅ።

አምስተኛ፣ በወረዳና በዞን መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፤ ስብሰባ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ። ከተወሰነ በኋላ ሕዝብን «ለውይይት» አትጥሩ። የተወሰነ ከሆነ ተወስኗል ብላችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ያልተወሰነ ከሆነ ደግሞ ከልባችሁ ስሙት። ሁለቱንም በእግዚአብሔር ፊት እንደምትሠሩ ሰዎች አድርጉት።

በዚህ የግጭት ጊዜ ይህ ሁሉ ጥበብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ሰውን አደጋ ላይ የሚጥል ንግግር ድፍረት አይደለም። የምንናገርበትም የምንጠብቅበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን ፍርሃት የሰላም ጊዜ ልማዳችን ሆኖ እንዳይቀር እንጠንቀቅ። ሰላም ሲመጣ የፈረሰው ሁሉ ይሠራል፤ መንገድ ይቀየሳል፣ ትምህርት ቤት ይተከላል፣ መሬት ይከለላል፣ የእርዳታ ዝርዝር ይጻፋል። ጥያቄው ያን ጊዜ እኛ በስብሰባው እንገኛለን ወይስ ውጤቱን ከሰው እንሰማለን የሚለው ነው።

የሰሜን ተራሮች የእግዚአብሔር ሥራ ናቸው፤ ዋልያውንም የፈጠረው እርሱ ነው። ከተራራው ወርደው በደባርቅ ጫፍ ቤት የሠሩትን የግጭ ሰዎችም የፈጠረው እርሱ ነው። ሁለቱንም የሚጠብቅ ውሳኔ የሚገኘው ሰው አስቀድሞ ሲጠየቅና መልሱም ሲሰማ ነው። ከመካነ ብርሃን እስከ ዳባት ያላችሁ ቅዱሳን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። ጥያቄያችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

ጌታ ለአገራችን ሰላም ይስጥ። ለመሪዎቻችን የሚሰማ ጆሮ፣ ለእኛም የሚናገር እውነተኛ አንደበት ይስጠን። አሜን።